ነጩ ጥቅልል አንጀት ነው ወይስ ሌላ?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በክረምት መግቢያ የተያዘች ሴት እንቁራሪት ከፍተን ስናይ ሆዷን ረጅም ነጭ ጥቅልል ሞልቶት አገኘን። የወንዱ አንጀት ግን አጭር ነው። ልዩነቱ ከምን መጣ? ቆሽትና ጣፊያንስ በምን እንለያቸው?

መልስ፦ መምህር፣ ያ ነጭ ጥቅልል አንጀት አይደለም፤ የእንቁላል መውረጃ ቱቦ ነው። በመራቢያ ወቅት እጅግ ይወፍራል፣ ይጠማዘዛል፤ እንቁላሉን የሚሸፍነውን ዝልግልግ ነገር የሚሠራው እሱ ስለሆነ ትኩስ ከሆነ ውኃ ሲነካው ያብጣል። ቱቦው ሁለት ነው፤ ግራና ቀኝ ወደ ጀርባ ተጠግቶ ይወርዳል፣ የላይኛው ጫፉም ሳንባ አጠገብ ያልቃል እንጂ ከጨጓራ ጋር አይገናኝም። አንጀት ግን አንድ ብቻ ሲሆን፣ ደም ሥር በሚታይበት ስስ ሽፋን ተንጠልጥሏል።

ስለዚህ ተማሪዎቹ ከጥቅልሉ አይጀምሩ። እንስሳዋ በጀርባዋ ተንጋላ ጭንቅላቷ ከእነሱ ራቅ ብሎ ሲቀመጥ ጨጓራው በእነሱ ቀኝ በኩል ነው፤ ጉበቱን ወደ ላይ ገለጥ ሲያደርጉ ያገኙታል። ከዚያ በመቆንጠጫ ይዘው ወደታች ይከተሉት፦ ጨጓራ፣ ቀጭን አንጀት፣ አጭሩ ወፍራም አንጀት፣ በመጨረሻም ክሎአካ የሚባለው የጋራ መውጫ። ሽንትም እንቁላልም የሚወጡት በዚያው ነው። እንቁላሎቹ እይታውን ከከለሉ የአንዱን ጎን እንቁላል ማፍሪያ ቀድሞ ማውጣት ይሻላል።

ቆሽትና ጣፊያን በስም የሚያቀያይሩ ስላሉ፣ እዚህ ቆሽት የምንለው ኢንሱሊን የሚያመነጨውን ፓንክሪያስን ነው። ቆሽት ቀጭንና ፈዛዛ ቢጫ ሲሆን ጨጓራ ወደ ቀጭን አንጀት በሚታጠፍበት ክፍተት ውስጥ ተኝቷል፤ ከጉበት የሚመጣው የሐሞት ቱቦም በእሱ ውስጥ አልፎ ወደ አንጀት ይገባል። ጣፊያ ደግሞ አተር የምታክል ክብ፣ ጥቁር ቀይ ነገር ነች፤ አንጀቱን በያዘው ሽፋን ላይ ተቀምጣለች፣ ከምግብ መፍጨት ጋርም ሥራ የላትም። ኩላሊት አጠገብ የሚታዩት ደማቅ ቢጫ፣ ጣት መሰል ነገሮች የስብ ክምችት ናቸው፤ ቆሽት የሚሏቸው ተማሪዎች ብዙ ናቸው።

አከፋፈቱ ላይም ይጠንቀቁ። ቆዳውን ብቻ አስቀድመው ይቁረጡ፤ ጡንቻውን ከዚያ ቀጥለው፣ ከመሃል መስመሩ ትንሽ ወደ ጎን ይቁረጡ፣ ምክንያቱም መሃሉ ላይ ትልቅ ደም ሥር አለ፤ እሱ ከተቆረጠ ሁሉም በደም ይሸፈናል። የመቀሱ ጫፍ ወደ ላይ ይሁን። አረንጓዴዋ የሐሞት ከረጢት በጉበቱ ክፍሎች መካከል ናት፤ ከተቀደደች አካባቢውን ታቀልመዋለችና ወዲያው በውኃ ይታጠብ። እንስሳው እንዳይበሰብስ በፎርማሊን ኬሚካል የቆየ ከሆነ ቀድሞ በደንብ መታጠብ አለበት፤ ጓንት ይደረግ፣ መስኮትም ይከፈት። ቀለሙ ስለሚደበዝዝ የውስጥ አካላቱን በቦታቸው እንጂ በቀለማቸው አይለዩ። ደግሞም እባክዎ አንድ እንስሳ ለአምስት ተማሪ ይብቃ፤ ለየቡድኑ ከአካባቢው ደን መሰብሰብ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ጅራት ያለው የእንቁራሪት እጭ ሆዱ ላይ እንደ ገመድ የተጠቀለለ አንጀት ይታያል። ሲያድግ የት ይሄዳል? (ተማሪ፣ ከጅማ)

መልስ፦ እጩ በብዛት የሚበላው አልጌ ነው፤ እሱን ለመፍጨት ረጅም አንጀት ያስፈልጋል። ወደ እንቁራሪት ሲለወጥ አንጀቱ ራሱ ያጥራል፣ ጨጓራውም ነፍሳትን ለመፍጨት ይዘጋጃል። በዚያ ጊዜ አፉም ስለሚለወጥ መብላት ያቆማል፤ የሚኖረው እየሟሟ ካለው ጅራቱ በሚያገኘው ምግብ ነው።