ለቼሳፒክ የትኛውን ጀልባ ልግዛ ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ባለቤትህንና ሁለት ልጆችህን ይዘህ እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከአናፖሊስ ተነስተህ፣ የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ አቋርጠህ ሴንት ማይክልስ የምትደርስበት ያገለገለ የሞተር ጀልባ ፈልገሃል። ያገኘኸው ሁለት ነው። አንደኛው መኝታና ማብሰያ ያለው፣ ሞተሩ ከወለሉ ሥር የተቀበረ ባለ 26 ጫማ ነው። ሌላኛው መኝታ የሌለው፣ ሞተሩ ከኋላ በውጭ የተንጠለጠለ ባለ 22 ጫማ ነው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ከሆነ ትንሹን ውሰድ።

የእኔ የመጀመሪያ ጀልባ እንደ ትልቁ ነበረች። መቀመጫዋ ነጭ፣ ቀለሟ የሚያብረቀርቅ። የ17 ዓመት ጀልባ ሆና ሞተሯ የሠራው 310 ሰዓት ብቻ መሆኑን ሳይ፣ ትንሽ ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና ያገኘሁ መስሎኝ ቸኮልሁ። ጀልባ ግን የምትበላሸው ቆማ ነው። የዚያ ዓይነት ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሥር በሚሳበው ውሃ ሲሆን፣ ውሃው የሚወጣው ከጭሱ ጋር ነው። ጨው የጭስ መውጫውን ብረት ከውስጥ እየበላ ይቆይና ሲበሳው ውሃው ወደ ሲሊንደር ይመለሳል። ከውጭ ምንም አይታይም። ከኬንት ደሴት ደቡባዊ ጫፍ፣ ከብላዲ ፖይንት መብራት አጠገብ ስንደርስ ሞተሩ አንዴ አጓርቶ ቀጥ አለ። የሐምሌ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ በምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። መልሕቅ ጥዬ የአደጋ ጥሪ በሚሰማበት የሬዲዮ ቻናል 16 ተጣራሁ። ጎታች ጀልባ እስኪደርስ ታናሽዋ ልጄ እጅጌዬን አልለቅም ብላ ቆየች። በማግስቱ መካኒኩ ካንዴላውን ሲፈታው ከቀዳዳው ዝገት የመሰለ ውሃ ተንዠቀዠቀ። ሞተሩ በሙሉ ተቀየረ።

የተቀበረ የቤንዚን ሞተር ሌላም ጣጣ አለው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል፤ ከማስነሳትህ በፊት ትነቱን የሚያስወጣውን ማራገቢያ አራት ደቂቃ ካላስኬድህ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ከኋላው ደግሞ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክል፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ላስቲክ አለ። ከውሃው ወለል በታች ስለሆነ ከተሰነጠቀ ጀልባዋ በታሰረችበት ትሰምጣለች። በውጭ የተንጠለጠለውን ሞተር ግን ስትመለስ ከውሃው ታነሳዋለህ፣ በጎማ ቱቦ ንጹሕ ውሃ አስገብተህ ታጥበዋለህ። ዕድሜው ሲያበቃ ወለል ሳታፈርስ ፈትተህ ሌላ ትሰቅላለህ።

ትንሹም ቢሆን ሳይመረመር አይገዛም። የእሱ ድክመት ሞተሩን የተሸከመው የኋላ ግድግዳ ነው። በብዙ የቆዩ ጀልባዎች ከፋይበርግላሱ መካከል እንጨት አለ፤ በብሎን ቀዳዳዎች ውሃ ከገባ እንጨቱ ይበሰብሳል። እናቶቻችን እንስራ ሲገዙ መታ መታ አድርገው ስንጥቁን በጆሮ እንደሚለዩት፣ አንተም በፕላስቲክ መዶሻ በብሎኖቹ ዙሪያ አንኳኳ። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ያንን ድፍን ድምፅ ከሰማህ ስለ ዋጋ አትከራከር፣ ተሰናብተህ ሂድ።

ሻጩን ሞተሩን ሳያስነሳ እንዲጠብቅህ ንገረው። ስትደርስ መጀመሪያ መዳፍህን አሳርፍበት፤ ከሞቀ ቀዝቃዛ ሲሆን እንዴት እንደሚነሳ ተደብቆብሃል። የታችኛውን የማርሽ ዘይት አስፈትተህ እይ። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። የሲሊንደሮቹን ግፊት አስለካ፤ እርስ በርስ ያላቸው ልዩነት ከ10 በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከኋላ በቀኝ በኩል ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ አለ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች የሞዴሉን ዓመት ይነግሩሃል። ከባለቤትነት ወረቀቱ ጋር አመሳክረው። መርማሪውን ራስህ ቅጠር፣ ሻጩ የሚጠቁምህን አትቀበል።

ለሙከራ ስትወጣ ነፋስ ያለበትን ቀን ምረጥ። ቼሳፒክ በአማካይ 21 ጫማ ያህል ብቻ ስለሚጠልቅ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ውሃው ወደ ውቅያኖስ ሲሸሽ የደቡብ ነፋስ ከፊት ሲገጥመው ደግሞ ይብሳል። ፊቱ ስል ሆኖ ማዕበሉን የሚሰነጥቅ ጀልባና ሆዱ ዝርግ የሆነ ጀልባ የሚለያዩት እዚያ ነው። ባለቤትህም አብራ ትውጣ፤ ወገቧን ካናወጣት ሁለተኛ አትሳፈርም።

እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለድህ ከሆነ የሜሪላንድን የጀልባ ደኅንነት ምስክር ወረቀት አስቀድመህ አውጣ። ሕጉ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሕይወት አድን ሰደርያ እንዲለብሱ የሚያስገድደው ከ21 ጫማ ባነሰ ጀልባ ላይ ነው። ያንተ 22 ነው ብለህ እንዳታወልቅላቸው። ነዳጅህን ለሦስት ክፈለው፤ ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው ለክፉ ቀን።

ማደሩን በተመለከተ ሴንት ማይክልስ ውስጥ ወደቡ ዳር ማረፊያ ቤቶች አሉ። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ የለኝም፤ ቀጠሮ ከያዝህ መዶሻዬን ይዤ አብሬህ እሄዳለሁ።