ግሩፑ ጸጥ ሲል፦ የአድሚኖች ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

ሰሞኑን «አነስ ያለ የጥያቄና መልስ ግሩፕ የምታስተዳድሩ፣ የቸገራችሁን ላኩልኝ» ብዬ ነበር። እኔ ስለ ጣና ዓሣና ስለ ጓሮ አትክልት የሚጠየቅበት የአንድ ቴሌግራም ግሩፕ አድሚን ነኝ። ደሞዝ የለውም፤ ስድብ ግን አለው። ከመጡት ጥያቄዎች የተወሰኑትን አሳጥሬ እነሆ።

ጥያቄ፦ አባሎቻችን 300 ቢሆኑ ነው። በሳምንት ሦስት ጥያቄ ከመጣ ጥሩ ነው። ታዲያ አድሚን ምን ይሠራል?

መልስ፦ ከትልቅ ግሩፕ አድሚን የበለጠ ሥራ አለብህ ወንድሜ። እዚያ ዘበኛ መሆን ይበቃል። እዚህ እንግዳ ተቀባይ ነህ። ጠይቆ ሁለት ቀን መልስ ያጣ ሰው ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ መልሱን ሄደህ ታመጣለህ።

አንድ ልጅ «ቀረሶ ዓሣ ገበያ ሳይደርስ ይሸትብኛል፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ጻፈ። ማንም ትንፍሽ አላለም። ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር ወረድኩና መረብ እየጠገኑ የነበሩ አንድ አባት ፊት ስልኬን ደቀንኩ። እጃቸውን ከመረቡ ሳያነሱ መለሱልኝ፦ አንጀቱን እዚያው ጀልባ ላይ ያውጣ፣ ጥላ ውስጥ ያድርገው፣ እርጥብ ጆንያ ያልብሰው፣ ሲደርቅም እንደገና ያርሰው። ድምፃቸውን ለጠፍኩት፤ ከሥሩ ደግሞ በጽሑፍ ገለበጥኩት። ጽሑፉን እንዳትረሳ። ከሦስት ወር በኋላ «ቀረሶ» ብሎ ሰርች የሚያደርግ ሰው የድምፅ መልእክቱን አያገኘውም።

ጥያቄ፦ የተደጋገመ ጥያቄ ሳይ አጠፋለሁ። አጠፋሁ?

መልስ፦ አዎ፣ አጥፍተሻል እህቴ። የድሮውን መልስ ሊንክ ከሥሩ አድርጊለትና እለፊ። «ሰርች አድርግ» የምትል መልስ ደግሞ በር ላይ እንግዳ እንደመመለስ ናት። ደግሞ አንዳንድ ጥያቄ የሚደጋገመው መልሱ ስላረጀ ነው። እምቦጭ ጣና ላይ በ2004 ገደማ ሲታይ የተባለውና ዛሬ የሚባለው አንድ አይደለም።

ጥያቄ፦ አድሚኑ እኔ ብቻ ነኝ። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ሦስት ሁኑ፤ አንዱ ከከተማው ውጭ ይሁን። እኔ ይህን የተማርኩት በችግር ነው። በ2015 ክረምት ማብቂያ ላይ ክልሉ ውስጥ የሞባይል ዳታ ተዘጋ፣ ለወራትም አልተመለሰም። የግሩፑ ቁልፍ በእኔ እጅ ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ያሉት አባላት «ቤት ሆነው በቀን ብር ይሥሩ» የሚል ማስታወቂያ ሲዥጎደጎድ እጃቸውን አጣጥፈው ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አልቻሉም። ኔት ሳገኝ ግሩፑ የቆሻሻ መጣያ መስሏል። ማን ምን እንዳደረገ ልይ ብል፣ የቴሌግራም የአድሚን መዝገብ የሚያሳየው ያለፉትን 48 ሰዓታት ብቻ ነው።

በዚያው ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽንህን (አካውንትህ ላይ የሚጨመረውን ሁለተኛ የይለፍ ቃል) ዛሬ አብራ። የግሩፑን ባለቤትነት ለሌላ ሰው ማዛወር ብትፈልግ፣ ከበራ ቢያንስ 7 ቀን ካልሞላው ቴሌግራም አይፈቅድልህም።

ጥያቄ፦ 15 ደንብ ጽፈን ፒን አደረግን። ማንም አያነብም።

መልስ፦ እኔም አላነብም። ሦስት አድርጉት።

ጥያቄ፦ ሁሉም የሚያከብራቸው የቀድሞ መምህር አሉን። አንዳንዴ የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። በሰው ፊት ማረም ከበደኝ።

መልስ፦ ይከብዳል። ከዚህች ጥያቄ ጋር ብዙ ቆይቻለሁ። ስህተቱ ቀላል ከሆነ ኢንቦክስ ግቢና «ጋሼ፣ ይቺን ነገር እስቲ ደግመው ይዩልኝ» በያቸው። አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ያስተካክሉታል፤ ካስተካከሉ በኋላ በግሩፑ ፊት አመስግኛቸው። ካላስተካከሉ ሌላ መልስ ከሥሩ ይጻፍ፣ የእሳቸውን አትንኪ። ሁለት መልስ ጎን ለጎን ቢቀመጥ አንባቢው ይመዝናል።

ጉዳት ያለው ነገር ሲሆን ግን ይሉኝታ አይሠራም። አንድ ትልቅ ሰው የብርብራ ዛፍ ፍሬ አድቅቆ ውኃ ላይ መበተንን እንደ ዓሣ ማጥመጃ ዘዴ ጽፈውልን ነበር። ዘዴው የቆየ ነው፤ ብርብራው ግን ትልቁንም ጫጩቱንም ዓሣ ሳይመርጥ ይገድላል። መልእክቱን ወዲያው ከግሩፑ አነሳሁት፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥም ደወልኩላቸው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ማንሳት፣ ቀጥሎ ስልክ። በጽሑፍ አትነጋገሪ፣ በድምፅ ይለዝባል። መጀመሪያ ተቆጡ። በኋላ «የድሮ ሰው ያደርገው የነበረውን ነው የነገርኳችሁ» አሉና ሳቁ።

ጥያቄ፦ እንደ ስታክ ኤክስቼንጅ (የጥያቄና መልስ ድረ ገጾች ስብስብ) በአባላት ድምፅ ጥያቄ ብንዘጋስ? አድሚንስ በምርጫ ቢሆን?

መልስ፦ ከገጾቹ አንዱ በሆነው ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ አንድ ጥያቄ ለመዝጋት አምስት ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ በኋላ ወደ ሦስት ወረደ። የአወያይ ድምፅ ግን ብቻውን ይዘጋል። እኛ ግሩፕ ውስጥ በአንድ ሳምንት አምስት ሰው ድምፅ ከሰጠ በዓል ነው። ምርጫም ቢሆን፣ እዚያ አዲስ ገጽ ሲከፈት ጊዜያዊ አወያዮችን የሚሾመው ድርጅቱ ነው፤ ምርጫ የሚመጣው ሰው ሲበዛ ነው። እናንተም ለጊዜው ሹሙ። ማንን? ሳይጠየቅ አዲስ ሰው የሚቀበለውን። «አድሚን አድርጉኝ» ያለውን ትንሽ አቆዩት።

ጥያቄ፦ ስሎው ሞድ (አባል በሁለት መልእክቶቹ መካከል እንዲጠብቅ የሚያደርገውን) እናብራ?

መልስ፦ አታብሩ። እስከ 1 ሰዓት ያስጠብቃል። ያለችው አንዲት መልስ ሰጪ ናት፣ እሷን ነው የምታስጠብቁት። ለማስታወቂያው አዲስ የሚገባውን ሰው የሚፈትሽ ቦት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ደክሞኛል። ግሩፑን ልዝጋው?

መልስ፦ አንድ ወር ዕረፍት ውሰድ፤ ወስጃለሁ ብለህም ጻፍ። ዝም ብለህ አትጥፋ። ከዚያም በኋላ ካልሆነልህ መጻፍን ዝጋና መልሶቹን ተዋቸው። ግሩፑን ማጥፋት የእነዚያን መረብ ጠጋኝ አባት ድምፅም ማጥፋት ነው።

ጥያቄ፦ ጠዋት ትኩስ አምባዛ የት ይገኛል?

መልስ፦ ይሄ የአድሚን ጥያቄ አይደለም። ግን አላጠፋውም። ሐይቁ ዳር፣ ጀልባዎቹ ሲገቡ በማለዳ ድረስ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በኋላ የሚተርፍህ ጭንቅላቱ ነው።