ምጥ እረፍት አለው

ይድረስ ዘንድሮ ለምትወልዱ ልጆቼ፣

ደሴ ውስጥ ሳዋልድ ነው ያረጀሁት። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ግን ሰፈር ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች በሬ መንኳኳቱ አይቀርም። ጥያቄውም ሁሌ ያው ነው፦ «እማማ፣ ህመሙን እችለው ይሆን?»

አይፈረድባችሁም። ስለ ምጥ የሚወራው ሁሉ የሚያስፈራ ነው። ቡና ላይ የተቀመጠች ሁሉ የራሷን ምጥ ስታወራ ሞትን አይታ የተመለሰች ነው የምትመስለው። አንዳንዷማ እርጉዝ ፊቷ መቀመጧንም ትረሳለች። እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ስኒሽን አስቀምጠሽ ውጪ። ነውር የለውም።

ያ ሁሉ ሲወራ የማይነሳው ነገር ምጥ እረፍት እንዳለው ነው። ጥርስ ሲያምሽ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚያምሽ። ምጥ እንዲያ አይደለም። ይመጣል፣ ይጠነክራል፣ ይለቃል። በበረታበት ሰዓት እንኳ አንዱ ቁርጠት አንድ ደቂቃ ያህል ቢቆይ ነው። ከዚያ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ደቂቃ ፋታ አለ። ብዙዎቹ ግን ፋታውን የሚቀጥለውን ቁርጠት በመፍራት ይጨርሱታል። ጥርስ ተነክሶ፣ ትከሻ ተሰብስቦ፣ አንሶላ ተጨምድዶ። ሰው ሲፈራ አድሬናሊን የሚባለው የፍርሃት ሆርሞን ይበዛል፤ እሱ ሲበዛ ደግሞ ማህፀንን የሚያሠራው ኦክሲቶሲን ይዳከማል። ምጡ ይጓተታል፣ ህመሙም ይብሳል። ስለዚህ የእኔ ምክር ከቁርጠቱ ይልቅ ስለ ፋታው ነው።

ቁርጠቱ ሲለቅሽ መጀመሪያ አገጭሽን አላልተሽ ልቀቂው። ከዚያ ትከሻሽን፣ ከዚያ እጅሽን። አንድ ጉንጭ ጠጪ። ዓይንሽን ጨፍኚ፤ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ሸለብ የምታደርግ ሴት አለች። ሲመለስ በአፍንጫሽ ሳቢና በአፍሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ፤ የምታስወጪው ከምትስቢው ይርዘም። ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ያዞራል፣ ከንፈርና ጣትንም ይነዝራል። ድምፅ ማውጣት ከፈለግሽ አውጪ፤ ግን ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ የሚወጣ ወፍራም «እህህህ» ይሁን። እሱ ሰውነትን ያላላል፣ ጩኸት ደግሞ ያደክማል። ድምፅ ሳታሰማ የወለደች ጎበዝ ናት የሚባለው ነገር ለእኔ አይዋጥልኝም። ማንም ሜዳሊያ አይሰጥሽም።

ምጡ ገና ሲጀምር ቤትሽ ቆይ። ይህን የምለው እርግዝናሽ ችግር ከሌለው፣ የእንሽርት ውሃሽ ካልፈሰሰና ጤና ተቋሙ ቅርብ ከሆነ ነው። ከኩታበር ወይም ከገራዶ ወዲያ ካለ ገጠር የምትመጪ ግን አትጠብቂ፤ ቀንሽ ሲቃረብ የእናቶች ማቆያ ግቢ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ዋናው ምጥ የሚጀምረው የማህፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር ሲከፈት ነው፤ እስከ 10 ይሄዳል። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ረጅም ነው፣ በተለይ ለመጀመሪያ ልጅ። በጊዜ መጥታ «ገና ነሽ» የተባለች ልጅ ተስፋዋ ሲቆረጥ ህመሙ እጥፍ ይሆንባታል። ቤት ሆነሽ እንቅልፍ ከመጣ ተኚ፤ ካልመጣ ግቢ ውስጥ ተዘዋወሪ። የደሴን ዳገት ግን ተይው፤ ጉልበትሽ ለኋላ ያስፈልግሻል።

በጀርባ ተንጋሎ ማማጥ ከሁሉም ይከብዳል። ቁሚ፣ አልጋውን ተደግፈሽ ወገብሽን አወዛውዢ፣ በጎንሽ ተኚ፣ በጉልበትና በእጅሽ ተንበርከኪ። በተለይ ህመሙ ወገብ ላይ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የልጁ ፊት ወደ ሆድሽ ዞሮ ነውና መንበርከኩ ያቀለዋል። ሽንትሽን ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ሽኚ። የሞላ ፊኛ ህመሙን ይጨምራል፣ የልጁንም ጭንቅላት መንገድ ይዘጋል። ይህን የሚያስታውስሽ ሰው ይኑር፤ አንቺ ትረሺዋለሽ።

አሁን ለአስታማሚው፣ ባል ሁን እህት። አንድ ሥራ ብትችል የወገብ ግፊቱን ቻል። እሷ አልጋ ላይ ወይም ግድግዳ ላይ ተደግፋ ትቁም። ከመቀመጫዋ ክፍል በላይ፣ ጀርባዋ ላይ ጠፍጣፋ አጥንት አለ። የእጅህን መዳፍ ከአንጓህ አጠገብ ባለው ወፍራም ሥጋ እዚያ ላይ አሳርፍና ተጫን። አትፈትግ፤ ቆዳዋን ትልጠዋለህ። በክንድህ ጉልበት ሳይሆን በሰውነትህ ክብደት ተደገፍባት። ቁርጠቱ ሲነሳ ጀምር፣ ሲለቅ ቀስ ብለህ ልቀቅ። «ከፍ አድርገው» ወይም «ዝቅ አድርገው» ካለችህ እንዳለችህ አድርግ፤ «ተወው» ካለችህም ያኔውኑ እጅህን አንሳ። ቅር አይበልህ፤ በመጨረሻው ሰዓት መነካት የማይፈልጉ ብዙ ናቸው።

ደሴ ብርዷ አጥንት ድረስ ነው፤ የሌሊት ምጥማ አይወራ። ሞቅ ያለ ውሃ በሃይላንድ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በነጠላ ጠቅልላችሁ ወገቧ ላይ አድርጉላት። ውሃው የፈላ አይሁን፤ መጀመሪያ በራሳችሁ ክንድ ሞክሩት። ኮምቦልቻ ያላችሁ በሙቀቱ ወራት እርጥብ ጨርቅ ለግንባሯና ለአንገቷ ይበቃል። ጤነኛ ሴት በምጥ ላይ ብትበላና ብትጠጣ አይከለከልም፦ ስኳር ያለው ሻይ፣ አጥሚት፣ ፍሬዋ ወጥቶ አንድ ሁለት ቴምር። በቁርኣን መርየም ምጥ ይዟት ከዘንባባው ሥር ሳለች «ብዪ፣ ጠጪ» ነው የተባለችው። ቴምሩ ህመም አያጠፋም፤ ጉልበት ግን ይሰጣል። ስኳር ያለባት ወይም ኦፕራሲዮን ሊደረግላት የታሰበች ግን ቀድማ ሐኪሟን ትጠይቅ።

አጠገብሽ የሚቆመውን ሰው በጊዜ ምረጪ። ከእኔ ልምድ የዚህን ያህል የሚያግዝ አላየሁም፤ በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶችም ከጎኗ የማይጠፋ ሰው ያላት እናት ምጧ እንደሚያጥርና በኦፕራሲዮን የመውለዷ ዕድል እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ቅርብ ዘመድ ስለሆነ ብቻ ግን አይመረጥም። ካንቺ ቀድማ የምታለቅስ እናት ከሆነች ውጭ ሆና ዱዓዋን ወይም ጸሎቷን ታድርግ፤ አንዷ ረጋ ያለች እህት ትግባ። ሥራዋ እጅሽን መያዝ፣ ውሃ ማቀበልና «አብሽሪ» ማለት ነው። በቃ። የምትወልጂበት ቦታ ሰው ያስገባ እንደሆነ በክትትልሽ ወቅት ጠይቂ። በር ላይ መጨቃጨቅ ያንቺን ፋታ ነው የሚበላው።

ተፈጥሯዊ ስለተባለ ሁሉ ደህና አይደለም። ሆድ ማሸት ይቅር። የእንግዴ ልጁ ከማህፀን ሊላቀቅ፣ ማህፀንም ሊቀደድ ይችላል። ጤና አዳም ቀቅሎ ማጠጣትና ልኩ የማይታወቅ ሥር መጠጣትም ይቅር። ሰፈር ውስጥ «ምጥ ማፋጠኛ» ብሎ መርፌ የሚወጋ ካለ ሽሹት። ያ መድኃኒት በጤና ተቋም፣ በልክ፣ የልጁ የልብ ምት እየታየ የሚሰጥ ነው፤ ልኩ ሲያልፍ ፋታውን አጥፍቶ ቁርጠቱን ያገናኘዋል።

ፋታውን ማወቅ ሌላም ጥቅም አለው። ህመሙ በቁርጠቶቹ መሃል የማይለቅሽ ከሆነ፣ ሆድሽ ድንጋይ ሆኖ ከቀረ፣ ያ የደህና ምጥ አይደለም። ደም ከፈሰሰ፣ ውሃሽ አረንጓዴ ከሆነ፣ ራስሽን ክፉኛ አሞሽ ዓይንሽ ከደበዘዘ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ባጃጅም ይሁን አምቡላንስ የተገኘውን ይዘሽ ሂጂ። ትንፋሹም ውሃውም እንዲህ ላለው መድኃኒት አይሆኑም። ሁሉን ሞክረሽ ህመሙ ከአቅምሽ በላይ ከሆነ ደግሞ ማስታገሻ ጠይቂ። መጠየቅ ሽንፈት አይደለም። ህመም የሚያደነዝዘው የወገብ መርፌ በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ስለዚህ የምትወልጂበት ቦታ ምን እንዳለ ቀድመሽ እወቂ።

መግፋቱ ላይ ብዙ አልልም። የማህፀን በሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ሰውነትሽ ራሱ «ግፊ» ይልሻል፤ ያኔ ግፊ። አዋላጇ በሞቀ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ መውጫው ላይ ብትይዝልሽ ከባድ መቀደድን ይቀንሳል። ሆድሽ ላይ በክንዱ የሚጫን ሰው ከመጣ ግን እንዳይጫን ንገሪው።

ሁለተኛና ሦስተኛ ልጃችሁን ለምትወልዱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለመጀመሪያ ልጅ ብዙም አይሰማም። ከወለዳችሁ በኋላ ጡት ስታጠቡ ሆዳችሁ ይቆርጣል። ማህፀኑ እየተሰበሰበ ነውና ከልክ ያለፈ ደም እስካልመጣ አትደንግጡ፤ በጥቂት ቀን ይተዋል። ከማጥባታችሁ በፊት ሽንታችሁን ሽኑ፣ ሆዳችሁ ላይ ሞቅ ያለ ነገር ያዙ። ካልቻላችሁ ፓራሲታሞል ጠይቁ፤ ለምታጠባ እናት ይሰጣል።