ለጀማሪ ጋዜጠኞች፦ አጋታርኪደስን አንብቡት

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በአርታኢነት የጨረስኩ ሰው ነኝ። ስለ አጻጻፍ ምክር ስትጠይቁኝ የምጠቅስላችሁ ብዙዎቻችሁ ስሙን እንኳ ያልሰማችሁትን አንድ ግሪካዊ ነው፤ አጋታርኪደስ ይባላል። የክኒዶስ ከተማ ሰው ሲሆን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዘመን እስክንድርያ ውስጥ የአንድ ባለሥልጣን ጸሐፊና አንባቢ ነበር። ስለ እስያ 10፣ ስለ አውሮፓ 49 መጻሕፍት ጽፎ ከዚያ ሁሉ የቀረው ቁርጥራጭ ነው። ስለ ቀይ ባሕር የጻፋቸው 5 መጻሕፍትም በሙሉ አልደረሱንም። ሆኖም የታሪክ ጸሐፊው ዲዮዶሮስ ሰፊ ክፍል ወሰደለት፤ በ9ኛው መቶ ዘመን የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ፎጥዮስ ቅንጭቡን አስቀረለት። ዛሬም የቀይ ባሕርን ጥንታዊ ታሪክ የሚያጠና ሰው ደጁን ሳይረግጥ አያልፍም።

እኔን የያዘኝ የወርቅ ማዕድኑ ገጽ ነው። ከግብፅ በስተደቡብ የነገሥታቱን ወርቅ የሚያወጡት እስረኞች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከነቤተሰባቸው። ዓለቱ በእሳት ይግላል፣ ግንባራቸው ላይ መብራት ያሰሩ ሰዎች ይፈልጡታል፣ ልጆች በጉድጓዱ እየዳኹ ፍርካሹን ይለቅማሉ። ጎልማሶቹ በድንጋይ ሙቀጫ ይወቅጣሉ፤ ሴቶችና ሽማግሌዎች ለሁለት ለሦስት ሆነው ወፍጮውን እየገፉ ዱቄት ያደርጉታል። ታመምኩ፣ ደከምኩ ማለት አያድንም፤ ሰዎቹ እስኪሞቱ በዱላ ይሠራሉ። አጋታርኪደስ ያዝንላቸዋል፣ ሐዘኑን ግን አያሽሞነሙነውም።

በዚያው ሥራው ሄጌሲያስ የተባለን ጸሐፊ ያብጠለጥላል፤ የፈረሱ ከተሞችን መከራ የቃላት መጫወቻ አድርጎታልና። ጥፋትን የሚጽፍ ሰው የደረሰውን ነገር ግልጽ አድርጎ ያሳይ ነው ክርክሩ። የሰው ቤት ሲቃጠል ቅኔ ለምትዘርፉ ይህን አንብቡ እላለሁ። «ሰማዩ ማቅ ለበሰ፣ ምድር አነባች» ብሎ የሚጀምር ስንት የአደጋ ዜና ጠረጴዛዬ ላይ አርፏል! ስንት ሰው እንደሞተ ለማወቅ የመጨረሻው አንቀጽ ድረስ መውረድ ነበረብኝ።

የዓባይን ሙላትም ከሰኔ እስከ መስከረም በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ በሚጥለው ዝናብ ምክንያት ነው ብሏል። (ለጎጃም ገበሬ ይህ ወሬ አይሆነውም፤ ለግሪክ ሊቃውንት ግን የረጅም ዘመን ክርክር ነበር።) ተራሮቹን ራሱ ያየ አይመስለኝም። ከመዛግብትና ካዩ ሰዎች ቃል ነው የሚሠራው። የግብፁ ንጉሥ በጥሊሞስ ዝሆኖችን በሕይወት ስለፈለጋቸው ዝሆን አዳኞቹ እንዳይገድሏቸው ብዙ ነገር ቃል ቢገባላቸው፣ መንግሥቱን በሙሉ ቢሰጣቸው እንኳ ኑሯቸውን እንደማይለውጡ የመለሱለትንም የምናውቀው ከእሱ በተወሰደው ታሪክ ነው።

በስተርጅና ሥራውን ሲዘጋ ስለ ቀይ ባሕር ደሴቶችና በዳርቻው አገር ስለሚበቅለው ሽቱ እንደማይጽፍ ይናገራል። አንደኛ ዕድሜው ድካም አይችልም፤ ሁለተኛ በግብፅ ሁከት ምክንያት መዛግብቱን በትክክል መመርመር አልተቻለም። የገበያ ወሬ ለቃቅሞ 6ኛ መጽሐፍ ቢያወጣ የሚከለክለው አልነበረም።