ለወታደር ልጆቻችን ጥይት መከላከያ ብንገዛስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው፣ ከሰፈራችን መከላከያ የገቡ ልጆች አሉ። ያኔ በ2014 ኅዳር ውጊያው ሸዋሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ በሶ ፈጭተን ዳቦ ቆሎ ሰርተን ስንቅ ልከናል። አሁን ደግሞ ዩክሬን ውስጥ ተራ ሰው አዋጥቶ ለወታደሩ ጥይት መከላከያ ሰደርያ እንደሚገዛ ቲክቶክ ላይ አየንና እኛስ ምን ይጎድለናል ተባባልን። ዱባይ እየተመላለሰ ዕቃ የሚያመጣ ሰው ጥሩውን በርካሽ አመጣለሁ ብሎናል፣ ቀብድ ግን ይፈልጋል። ምን ይሉናል?
ዘ. ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ ዘ.፣ ቀብዱን አትስጡ። ሌላው ቢቀር ይቺን ያዢልኝ።

የዩክሬኖቹ ነገር እውነት ነው። በፈረንጆቹ 2014 ውጊያው ሲጀመር ሠራዊታቸው ሰደርያውም ሄልሜቱም አልበቃው ብሎ ተራው ሰው ነው ፌስቡክ ላይ ብር መሰብሰብ የጀመረው፣ «ሕያው ሆነህ ተመለስ» የሚባለው ትልቁ ድርጅታቸው እንኳን ስሙ ሰደርያ ላይ ከተጻፈ ቃል የመጣ ነው። ቲክቶክ የማያሳየው ግን አሰልቺውን ሥራ ነው፣ የገባውንና የወጣውን ብር ድረገጻቸው ላይ ይለጥፋሉ፣ ከመግዛታቸው በፊት ደግሞ የጦር ክፍሉ ምን እንደጎደለው ይጠይቃሉ። እናንተ ልጆቹን ጠይቃችኋል? ሰደርያ ካላቸውስ? ከሌላቸውም እኮ ከቤት የተላከ ዕቃ ይለበስ አይለበስ የሚለው አዛዡ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው። ሰደርያ ሁሉ አንድ አይደለም። ጨርቅ ብቻ የሆነው ለስላሳው፣ በአሜሪካኖቹ መለኪያ ሦስት ኤ የሚባለው፣ የሚያቆመው የሽጉጥ ጥይት ነው፣ ክላሽ ያልፈዋል። እሱን ለብሶ ግንባር መውጣት የአያቶቻችንን የጎሽ ቆዳ ጋሻ ይዞ ከመውጣት ብዙም አይለይም (ጋሻው እንኳን ያምር ነበር)። ክላሽ የሚያቆመው ከፊትና ከኋላ ኪሱ ውስጥ የሚገባው ፕሌት የሚባለው ጠንካራ ሰሌዳ ነው፣ ደረጃ ሦስት ወይ አራት። ገበያ ላይ ርካሽ ሆኖ የምታገኙት ብዙ ጊዜ ያለ ፕሌት ቀፎው ነው፣ ፎቶው ላይ ግን ሁለቱም ያው ነው የሚመስሉት። ስለዚህ ሰውዬውን የፕሌቱን ጀርባ ፎቶ አንስተህ ላክ በሉት፣ ደረጃው፣ የሠራው ፋብሪካ፣ የተሠራበት ቀን፣ ተከታታይ ቁጥሩ እዚያ ላይ መኖር አለበት፣ ከሌለ ደህና ዋል። አዲስ ከሆነ አርኤፍ 1፣ 2 ወይ 3 የሚል ሊሆን ይችላል፣ በፈረንጆቹ 2023 መለኪያው የደረጃዎቹን ስም ስለቀየረ ነው፣ አትደናገሩ። ከብረት የተሠራው ፕሌት ርካሽ ነው ግን ጥይት ሲመታው ፍንጣሪው ወደ አንገትና ክንድ ይሄዳል፣ ሴራሚኩ ደግሞ ከወደቀ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይይዛል፣ ያገለገለ ከሆነ በኤክስሬይ ካልታየ አታውቂውም። ሁለት ፕሌት ከነሰደርያው እስከ አስር ኪሎ ይደርሳል፣ የጣርማበርን ዳገት በዚህ አስቢው።

ደግሞ ይሄ ሻንጣ ውስጥ ከሽቶ ጋር የሚመጣ ዕቃ አይደለም። ደረጃ አራቱ ከአሜሪካ ያለ መንግሥት ፈቃድ አይወጣም፣ እዚህም ጉምሩክ ላይ ሲገኝ የማን ነው መባሉ አይቀርም፣ ያኔ ሰውዬው ስልኩን ያጠፋል፣ የሰፈሩ ሰው ደግሞ አንቺን ነው የሚያውቀው።

እኔን ከጠየቅሽኝ ልጆቹንም አዛዦቻቸውንም አማክራችሁ ወደ ደም ማቆሚያው ብትሄዱ እመርጣለሁ፣ ቱርኒኬት የሚባለው እጅና እግር ላይ የሚታሰረው። የጭን ደም ስር የተቆረጠበት ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል፣ ሰደርያ ደግሞ ጭን አይሸፍንም። እሱም አስመስሎ የተሠራ አለው፣ ማጥበቂያዋ የፕላስቲክ ዱላ ስትጠመዘዝ ትጎብጣለች ወይ ትሰበራለች፣ ስለዚህ ከመጣው አንዱን ለመሞከሪያ አውጡና ጭን ላይ አስራችሁ አጥብቃችሁ አዙሩት፣ ዱላዋ ከጎበጠች ሙሉውን መልሱ። የታሰረበት ሰዓት እንደሚጻፍበትም ሥልጠና ያለው ሰው ያሳያችሁ። ብርድ ነው ጠላታቸው ካሏችሁማ ምን ዱባይ አስኬዳችሁ፣ የመንዝ ባና ከአጠገባችሁ አለ።

ብሩን በአንድ ሰው ስም አታስቀምጡ፣ ሦስት ፈራሚ ያለው የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፣ ደረሰኙን ለሰጪዎቹ አሳዩ። ዕቃው ባይገዛ ብሩ ምን ይሁን የሚለውን ደግሞ ከመሰብሰባችሁ በፊት ተስማሙ። ዩክሬኖቹ በፈረንጆቹ 2022 ለድሮን ብለው በሦስት ቀን 600 ሚሊዮን ህሪቭንያ (የአገራቸው ገንዘብ ነው) ሰብስበው ፋብሪካው በነጻ ሲሰጣቸው ብሩን ለሳተላይት ምስል አዋሉት፣ ያንንም ለሕዝብ ተናግረው ነው። እናንተ ጋ ከተረፈ ለሰጪው ይመለስ ወይ ለቆሰሉት ሕክምና ይሁን፣ ብቻ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።