ቤቱ ተቃጠለ፣ አመዱስ የት ገባ? ጥያቄና መልስ

በጃንዋሪ 2025 ሎስ አንጀለስ ላይ ሁለት ትልልቅ እሳቶች ተነሱ። አንዱ ባሕር ዳር ያለውን ፓሊሳድስን፣ ሌላው ተራራው ሥር ያለውን አልታዲናን በላ። ከ16 ሺህ በላይ ቤትና ሕንፃ ወድሟል። ሥራዬ ከአደገኛ ቆሻሻ ጋር ስለሆነ ስለ ጽዳቱ የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። የቻልኩትን እነሆ።

እኛ አገር አመድ ለጓሮ ጎመን ይበተናል፣ ዕቃም ይታጠብበታል። የአሜሪካኑን ምን መርዝ አደረገው? (ከደብረ ብርሃን)

የምድጃ አመድ የእንጨት አመድ ነው። እዚያ የነደደው ግን ሙሉ ቤት ነው። ፍሪጁ፣ ሶፋው፣ ኮምፒውተሩ፣ ጋራዥ ውስጥ የተቀመጠው ቀለምና የአይጥ መርዝ፣ ደጅ የቆመው መኪና ሁሉ አብሮ ነዷል። አልታዲና ደግሞ አሮጌ ቤት የሞላበት ሰፈር ነው። አሜሪካ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበትን የቤት ቀለም የከለከለችው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ ግድግዳ ሲቃጠል እርሳሱ የትም አይሄድም፣ አመዱ ውስጥ ይቀራል። አሮጌ ጣሪያና የቧንቧ ሽፋን ላይ አስቤስቶስ፣ ማለትም ሲተነፍሱት ሳንባ የሚጎዳ ደቃቅ ጭረት፣ አለ። አርሴኒክ የሚባለው መርዝም ይገኛል። ይህንን ጎመን ላይ እንዳይበትኑት!

ጋሼ፣ የእኛ ቤት አልተቃጠለም። ግን አልታዲና አጠገብ፣ ፓሳዲና ነን፤ መስኮቱ ሥር ጥቁር ብናኝ አለ። ልጄ ገና መዳህ ጀምራለች። ጠርጌ ልገላገል?

እህቴ፣ በመጥረጊያ በፍጹም አትንኪው። ደረቁን ስትጠርጊ አየር ላይ ይነሣና ሕፃኗ ትተነፍሰዋለች። እርጥብ ጨርቅ ያዢ፣ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። ቫኪዩም ካስፈለገ ሄፓ የሚባል ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ፊልተር ያለው ይሁን፤ ተራው ቫኪዩም ደቃቁን ብናኝ በኋላው መልሶ ይተፋዋል። ስታጸጂ ኤን 95 ማስክና ጓንት አድርጊ፣ ልጅቷ በዚያ ሰዓት ሌላ ቤት ትሁን። ጫማ ደጅ ይውለቅ። የጨርቅ አሻንጉሊቷን እጠቢ። እርሳስ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው እንደ እሷ እጇን አፏ የምታስገባውን ነው። ለሐኪሟ ንገሪና የደም ምርመራ ጠይቂ፤ ቀላል ነገር ነው።

ጽዳቱን ማን ሠራው? ከኪሳችን ነው?

በሁለት ዙር ነው የተሠራው። መጀመሪያ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ገብቶ ጋዝ ሲሊንደሩን፣ ኬሚካሉን፣ የመኪና ባትሪውን ለቀመ። ቀጥሎ የጦር መሐንዲሶች ክፍል ፍርስራሹን አነሣ። ባለቤቱ ፈቃድ ፈርሞ ከሰጠ በነፃ ነበር። ኢንሹራንሱ ለፍርስራሽ ማንሻ ብሎ የመደበው ገንዘብ ካለ ግን እሱ ይወሰድ ነበር። ያልፈለገ የራሱን ኮንትራክተር መቅጠር ይችል ነበር።

ታዲያ ጸድቷል ከተባለ ለምን ሰዉ ይጮኻል?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። መሐንዲሶቹ ፍርስራሹን አንሥተው ከሥሩ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር አፈር ገፈው ሄዱ። የቀረው አፈር ንጹሕ መሆኑን ግን አልመረመሩም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከዚህ በፊት በነበሩ ትልልቅ እሳቶች ግን ከጽዳቱ በኋላ አፈሩ ላቦራቶሪ ይላክ ነበር። በዚህኛው፣ የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ ድርጅት ፌማ እምቢ አለ። ምክንያቱም ከዚያ በታች የሚገኘው ብክለት ከእሳቱ በፊት የነበረ ነው፣ ምርመራውም ሥራውን ያዘገያል የሚል ነው።

እኔ ይህ ምክንያት አይዋጥልኝም። በ2018 ፓራዳይዝ የምትባለው ከተማ ስትቃጠል አፈሩ ተመርምሮ ነበር። አንዴ ከተጸዱት ቦታዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ አሁንም ከደረጃ በላይ ብክለት ተገኘባቸውና እንደገና ተገፈፉ። ያኔ ባይመረመር ኖሮ ሰው በላዩ ቤት ሠርቶ ይኖር ነበር። በሎስ አንጀለስም ጋዜጠኞች ራሳቸው አፈር ወስደው ሲያስመረምሩ፣ ተጠርጎ አልቋል በተባለ ቦታ ላይ ከካሊፎርኒያ መለኪያ በላይ እርሳስ አገኙ። የግዛቱ መለኪያ ለመኖሪያ ቦታ በኪሎ አፈር 80 ሚሊግራም ነው። መዘግየት ያስፈራል፣ እውነት ነው፤ ሰው ቤቱን ይናፍቃል። ግን የላቦራቶሪ ውጤት ለመጠበቅ ዓመት አይፈጅም።

ያ ሁሉ ፍርስራሽ የት ተወሰደ?

ወደ ሌላ ሰው ሰፈር። ብዙው እንደ ካላባሳስና ሰንሻይን ካንየን ወዳሉ የቆሻሻ መጣያዎች ሄደ። የካላባሳስ ነዋሪዎች አደባባይ ወጥተው ተቃውመዋል። እነዚህ መጣያዎች የተሠሩት ለተራ የቤት ቆሻሻ ነው፣ አደገኛ የተባለውን እንዲቀበሉ አይደለም። ኬሚካልና ባትሪ የሚለይበት ጊዜያዊ ቦታ ደግሞ ኧርዊንዴል ውስጥ ሲከፈት፣ ጎረቤት ከተሞቹ እነዱዋርቴና አዙሳ ሳንጠየቅ ነው የመጣብን አሉ። ቅሬታቸው ትክክል ነው። ሰው ጉዳዩን የሚሰማው የጭነት መኪናው ሲያልፍ መሆን የለበትም።

ባሕሩ ዳርም ሌላ ጣጣ ነበር። እዚያም አንድ የባትሪ መለያ ከቶፓንጋ ላጉን፣ ማለትም ባሕሩ ጥግ ካለው ኩሬ፣ አጠገብ ተደረገ። እዚያ ለመጥፋት የተቃረበ ትንሽ ዓሣ አለ፤ ሳይንቲስቶች ጭቃና አመድ ሳይወርድበት በፊት በመቶዎች ለቅመው ወደ አኳሪየም ወስደው፣ በኋላ መልሰውታል። ለዓሣው የተደረገለት ጥንቃቄ ለሰዉ አፈርም ቢደረግ ምን አለበት ያሰኛል።

የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ይህን ያህል የሚያስፈራው ለምንድን ነው?

የተጎዳ ሊቲየም ባትሪ ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ በራሱ ሊነድ ይችላል። ስለዚህ ጨው ውኃ ውስጥ ነክረው ኃይሉን ያወጡታል፣ ከዚያ ይደፈጥጡታል።

የቧንቧ ውኃስ?

እሳት ሲያልፍ የውኃ ግፊት ይወርዳል፣ የፕላስቲክ ቧንቧ ይቀልጣል፣ ቤንዚን (benzene) የተባለው ካንሰር አምጪ ኬሚካል፣ የመኪናው ነዳጅ ማለቴ አይደለም፣ መስመሩ ውስጥ ይገባል። በ2017 ሳንታ ሮዛ፣ በ2018 ፓራዳይዝ ላይ ታይቷል። ማፍላት አያድንም፤ እንዲያውም እንፋሎቱን ትተነፍሱታላችሁ። አልታዲና ውስጥ አነስተኛ የውኃ ኩባንያዎች «አትጠጡ» ብለው አስጠንቅቀው፣ መስመሩን አጥበውና መርምረው ነው ያነሡት።

የአክስቴ ልጅ ጭስ የገባበት ቤት በማጽዳት የቀን ሥራ ይሠራል። ማስክ አይሰጡትም።

ማስክ፣ ጓንትና መከላከያ ልብስ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። ለአስቤስቶስ ደግሞ ኤን 95 አይበቃም። የሥራ ልብሱን ይዞ ቤት አይግባ፣ ከልጆቹ ልብስ ጋርም አይጠብ። የካሊፎርኒያ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ስም ሳይጠቅስ አቤቱታ ይቀበላል፤ የመኖሪያ ወረቀት ባይኖረውም የግዛቱ የሠራተኛ ሕግ እሱንም ይመለከታል።

አልታዲና ባዶ ቦታ በቅናሽ እየተሸጠ ነው። ልግዛ?

ዋጋውን ትተህ መጀመሪያ ሁለት ወረቀት ጠይቅ። አንዱ ፍርስራሹ በማን እንደተነሣ የሚያሳይ ነው። ሁለተኛው የአፈር ምርመራ ውጤት ነው። ሁለተኛው ከሌለ ራስህ አስመርምር፤ ናሙናው ከአንድ ጥግ ብቻ ሳይሆን ቤቱ ከቆመበት፣ ከጓሮውም ከአጥሩም ሥር ይወሰድ። ሻጩ ይህንን እምቢ ካለ አትግዛ።