«መነጽሩ ውስጥ እናትየዋን አዳንኳት፤ ዋርድ ላይ ግን ደርቄ ቀረሁ»

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ አንድ ዕቃ ያወራሉ። የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ነው፣ ተማሪዎቹ «ቪአር» የሚሉት። እኔ ሠላሳ ዓመት ግድም በማዋለድና በማስተማር የቆየሁ ሴት ነኝ። ዕቃውን መጀመሪያ ያየሁት ቀን ፊቴን አጨማድጄ ነበር። አሁን ግን ታርቀናል፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የ3ኛ ዓመት የሚድዋይፈሪ (የአዋላጅነት) ተማሪ ነኝ። ዘንድሮ ለስኪል ላባችን (ለተግባር መለማመጃ ክፍላችን) አራት የቪአር መነጽር መጣ። ዓይን ላይ ሲደረግ ወዲያው ማዋለጃ ክፍል ውስጥ እንገባለን። አልጋው ላይ እናት አለች፣ በሁለት እጃችን መቆጣጠሪያ ይዘን እንሠራለን። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ መድማትን ዘጠኝ ጊዜ ሠርቼ ዘጠኙንም ጊዜ እናትየዋን አድኛታለሁ። ነጥቤ ከክፍሉ አንደኛ ነው። ባለፈው ወር ዋርድ፣ የእውነተኛው ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል፣ ወጣን። የሕፃኑ ጭንቅላት ብቅ ሲል እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሲኒየሯ አዋላጅ ገፋ አድርጋኝ ራሷ ተቀበለችው። ከዚያ «እዚህ ሪስታርት የለም እኮ!» አለችኝ፣ ሁሉም ሳቁ። ያ ሁሉ ልምምድ ጨዋታ ነበር ማለት ነው? ወይስ እኔ ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም? — ግራ የገባት

መልስ፦ ልጄ፣ እኔም ደርቄ አውቃለሁ።

1987 ዓ.ም. ነው። ከተመረቅኩ ዓመት አልሞላኝም፣ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ጭንቅላቱ ወጣ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ተመልሶ ወደ ውስጥ ተሳበ፣ ኤሊ አንገቷን እንደምትሰበስብ። ትከሻው ተይዟል። መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ፤ ሥዕሉ በየትኛው ገጽ እንደነበር እንኳ ትዝ አለኝ። አፌ ግን ተቆለፈ። ከጎን አልጋ ያለች አንዲት አንጋፋ አዋላጅ ዞር ብላ አየችኝና «ምን ትጠብቂያለሽ? ተጣሪ እንጂ!» አለች። ሁለት ሰው ሮጦ መጣ። የእናትየዋን ጭኖች ወደ ሆዷ አጥፈው ያዙ። አንጋፋዋ ከሆዷ ግርጌ፣ ከአጥንቱ ልክ በላይ፣ በመዳፏ ተጫነች። (ሆዱን ከላይ መግፋት አይደለም፣ እሱ ነገሩን ያብሰዋል።) ትከሻው ሾልኮ ወጣ። ሕፃኑ ትንሽ ቆይቶ አለቀሰ። እኔ ኮሪደር ወጥቼ ከሱ በላይ አለቀስኩ።

ይህን የምነግርሽ ላጽናናሽ ብቻ አይደለም። የትከሻ መያዝ ቀጠሮ ይዞ አይመጣም። ተማሪ አንድም ሳያይ ሊመረቅ ይችላል። መነጽሩ ውስጥ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ አምስት ጊዜ ታገኚዋለሽ፣ ማንም ሳይጎዳ። ያኔ ቢኖረኝ ኖሮ ያ «ተጣሪ እንጂ» የሚለው ቃል ከራሴ አፍ ይወጣ ነበር ብዬ አስባለሁ። መነጽሩ የሚያስተምረው ይህን ነው፦ ምን ቀድሞ ምን ይከተላል፣ ማን ይጠራል፣ ስንት ደቂቃ ሄደ።

መድማትም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የወጣ ትልቅ ጥናት አለ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች የተሠራ። የፈሰሰውን ደም ልክ በተሰመረበት ፕላስቲክ ይቀበሉና ቶሎ ያውቁታል። ከዚያ ማህጸኑን ማሸት፣ ኦክሲቶሲን (ማህጸኑን የሚያኮማትር መድኃኒት)፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ (ደም እንዲረጋ የሚረዳ)፣ በደም ሥር ፈሳሽ፣ ምንጩን መፈተሽ፣ እነዚህን ሁሉ «አንዱ እስኪሠራ እንጠብቅ» ሳይሉ በአንድነት ይሰጣሉ። ከባድ መድማትና መዘዙ በ60 በመቶ ቀነሰ። አዲስ መድኃኒት አልተገኘም። አዲሱ ነገር በጊዜ ማወቅና አለመጠባበቅ ነው። ይህን ለማድረግ ጭንቅላት ውስጥ መንገዱ ቀድሞ መጠረግ አለበት። አንቺ ዘጠኝ ጊዜ ጠርገሽዋል። ጨዋታ አልነበረም።

አሁን ወደ ደረቅሽበት ቦታ እንምጣ። ደብዳቤሽን ደግመሽ አንብቢው እስቲ። ዘጠኝ ጊዜ የተለማመድሽው ደም ማቆም ነው። የደረቅሽው ደግሞ መደበኛ ወሊድ ላይ ነው፣ ጭንቅላቱን መቀበል ላይ። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። አንደኛው የውሳኔ ሥራ ነው፣ ሌላው የእጅ። መነጽሩ እጅሽን አላስተማረውም፣ ሊያስተምረውም አይችልም።

ለምን? መቆጣጠሪያው ቢበዛ እንደ ስልክ ይንቀጠቀጣል። መልሶ አይገፋሽም፣ አይሞቅም፣ አያንሸራትትም። ምጥ ሲመጣ ሆዱ ምን ያህል እንደሚጠነክር ለተማሪዎቼ ሳስተምር ፊታቸውን እንዲነኩ አደርጋለሁ። ደከም ያለ ምጥ የአፍንጫ ጫፍ ነው፣ መካከለኛው አገጭ፣ ብርቱው ግንባር። አሁኑኑ ንኪው። ይህን የትኛው መነጽር ይነግርሻል? አምቡ ባግም፣ ላልተነፈሰ ሕፃን በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠው ከረጢት፣ እንደዚያ ነው። መነጽሩ ውስጥ ቁልፍ ትጫኛለሽ፣ ሕፃኑ ይተነፍሳል። በእውነቱ ግን ጭንብሉ ፊቱ ላይ በትክክል ካልገጠመ አየሩ በጎን ያመልጣል፣ ደረቱም አይነሳም። ያንን የምትማሪው አሻንጉሊት ላይ ነው። ኒዮናታሊ የምትባለዋን የሕፃን አሻንጉሊት ለብ ያለ ውኃ ሞልተሽ ስትይዣት እንደ ሕፃን ትከብዳለች፣ ጭንብሉን ስታበላሺ ደረቷ ዝም ይላል። የመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ወርቅ ናት ብለው አስተምረውሻል አይደል? ያቺ ደቂቃ የእጅ ናት።

ድምፁም ሌላ ነው። እኔ የሞከርኩት ፕሮግራም ውስጥ ያለችው እናት በእንግሊዝኛ፣ ተራዋን ጠብቃ ነው የምታወራው። ዋርድ ያለችው ክንድሽን ቆንጥጣ ይዛ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች፣ ከመጋረጃው ወዲያ ሌላዋ ትቀበላታለች፣ በር ላይ እናቷ ታለቅሳለች። በዚህ መሃል እጅሽ ለሦስት ሰከንድ ቢደርቅ አይገርምም።

የአውሮፓ ኅብረት የሙያ መመሪያ ነገሩን እንዴት እንዳስቀመጠው ወድጄለታለሁ። የአዋላጅነት ተማሪ ቢያንስ 40 ወሊድ ራሷ ማዋለድ አለባት ይላል። እናቶች ካልተገኙ 30 ይበቃል፣ ሌሎች 20 ወሊዶች ላይ ከተሳተፈች። በቂጥ የሚመጣ ሕፃን ግን ብርቅ ስለሆነ፣ ካልተገኘ በማስመሰያ መለማመድ ይቻላል። አየሽ ድንበሩን? ብርቁን ለማስመሰያ፣ የዘወትሩን ለእጅ።

እንግዲህ ምን ታደርጊያለሽ? መነጽሩን አትተዪው። ነገር ግን ባወለቅሽ ቁጥር ቀጥ ብለሽ ወደ አሻንጉሊቷ ሂጂ፣ ያንኑ ታሪክ በእጅሽ ድገሚው። ጮክ ብለሽ እየተናገርሽ፦ «አሁን ጭንቅላቱ ወጣ፣ እትብቱ አንገቱ ላይ መኖሩን አያለሁ።» ጓደኛሽ እናቲቱን ሆና ትጩህብሽ፣ አትራሪልኝ በያት። አንድ ጨዋታ ደግሞ ልጨምርልሽ። ውኃ ውስጥ ቀይ ቀለም ጨምሩና አንዷ ደብቃ ለክታ ጨርቅና ጎዝ ላይ ታፍስሰው፣ ሌሎቻችሁ ስንት እንደሆነ ገምቱ። 500 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሲሞላ፣ ለረጅም ጊዜ መድማት ስንል የቆየንበት ልክ ነው፤ የእናትየዋ የልብ ምት ወይም የደም ግፊት ከተዛባ ግን ከዚያም በፊት እንነሳለን። ስንጀምር ሁላችንም አሳንሰን ነው የምንገምተው። እኔ ራሴ ተማሪዎቼ ፊት አፍሬያለሁ።

ዋርድ ስትመለሺ ደግሞ ጓንት ሳታጠልቂ በፊት ሲኒየሯን ቀርበሽ «ሲስተር፣ የመጀመሪያዬ ነው። እጅዎን እጄ ላይ ያድርጉልኝ» በያት። አብዛኛዋ አዋላጅ ይህን ስትሰማ ልቧ ይራራል። እኛም የተማርነው በሰው እጅ ሥር ነው።

ለሲኒየሯም አንድ ቃል አለኝ፣ ይህን ካነበበች። እህቴ፣ ሪስታርት የለም ያልሽው እውነት ነው። ግን የተናገርሽው አልጋ ላይ ያለች እናት እየሰማች ነው። ደግሞ አሻንጉሊትና ማስመሰያ የዛሬ ፈጠራ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ1759 የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ፣ ማዳም ዱ ኩድሬ የምትባል አዋላጅ ከጨርቅና ከቆዳ የተሰፋ የእናት ገላና ሕፃን ይዛ በየገጠሩ እየዞረች እንድታስተምር ፈቀደላት። ያኔም «በጨርቅ ማዋለድ ይማራሉ እንዴ» ብሎ የሳቀ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። የእህቴ ልጅ አገር ቤት ሚድዋይፈሪ ትማራለች። ለገና ስመጣ አንድ የቪአር መነጽር ልገዛላት አስቤ ነበር። ይጠቅማታል? — አክስት

መልስ፦ ልብዎ ይባረክ። ግን አይቸኩሉ። መነጽሩ ብቻውን ባዶ ሳጥን ነው። ሥራው ያለው ፕሮግራሙ ላይ ነው፣ የማዋለድ ፕሮግራሞች ደግሞ በአብዛኛው የሚሸጡት ለትምህርት ቤት ነው፣ ለግለሰብ አይደለም። ፕሮግራሙን ካላገኘች ታናሽ ወንድሟ ኳስ ይጫወትበታል። ስለዚህ መጀመሪያ እሷን ይጠይቋት፦ ኮሌጁ የትኛውን ይጠቀማል፣ ቤት ይዛ መግባት ትችላለች ወይ፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ። የራሱ ባትሪ ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው የሚቆየው፣ መብራት ጠፍቶ ከቆየ እሱም ይጠፋል።

እንዲያውም ከልብ ልምከርዎ? ጥሩ ስቴቶስኮፕና የደም ግፊት መለኪያ ያምጡላት። ለመነጽሩ ግድ ካሉ ደግሞ የሚጠረግ የፊት መሸፈኛ ይጨምሩበት፣ ጓደኞቿ ሁሉ ስለሚዋሱት። ሹሩባ ከተሠራች ማሰሪያው እንደሚያስቸግራት ይንገሯት። ስትጀምር ቁጭ ብላ፣ ከአሥር ደቂቃ ባልበለጠ። ካዞራት ወዲያው ታውልቀው። እኔን የመጀመሪያ ቀን ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ ነው ያደረገኝ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ስምንተኛ ወር ላይ፣ የመጀመሪያዬ ነው። ክትትል የማደርግበት ቦታ ተማሪዎች ይበዛሉ። በመነጽር ተምሮ የመጣ ልጅ ሊያዋልደኝ ነው? እምቢ ማለት እችላለሁ? በማርያም እውነቱን ይንገሩኝ። — የፈራች

መልስ፦ ትችያለሽ። ተማሪ ሲመጣብሽ ስሙን ጠይቂ፣ ከጎኑ የሚቆመው ባለሙያ ማን እንደሆነ ጠይቂ። ብቻውን ሊነካሽ አይገባም። ካልተመቸሽ «አይሆንም» በይ፣ ምክንያት ማቅረብ የለብሽም።

እኔን ከጠየቅሽኝ ግን የመጀመሪያ ስህተቱን መነጽር ውስጥና አሻንጉሊት ላይ ጨርሶ የመጣውን ልጅ እመርጣለሁ። በእኛ ጊዜ የመጀመሪያ ስህተታችንን የሠራነው የት እንደነበር ባልነግርሽ ይሻላል።

ስትገላገዪ ጻፊልኝ እሺ? እንኳን ማርያም ማረችሽ ለማለት ከወዲሁ ወረፋ ይዣለሁ።